አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፦ በደብዳቤ ግርጌ ስለሚሰፍር መጠሪያ የቀረበ ዳሰሳ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ለቆ፣ የሰሊጥና የማሽላ የጥጥም አገር የሆነውን ሰፊ ቆላ ሰንጥቆ፣ በገንዳ ውኃ አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ የአገሩ ወሰን ያልቃል፤ ማዶ ያለው ከተማ ጋላባት ነው። በዚህ ጠረፍ አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ በአጨዳ ጊዜ ከደጋው አውራጃ ሁሉ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ የጉሙዝ ተወላጅ፣ የጉምሩክ ሹም፣ የሱዳን ነጋዴ፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባ በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት፣ ከተማውም ስማቸውን ይዞ የቀረበት ይህ ሥፍራ ልዩ ልዩ ሰው የሚገናኝበት በር ስለሆነ፣ ሰውን በምን ማዕረግና በምን አንቀጽ መጥራት ይገባል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ ሳይሆን የጸሐፊው ሁሉ የዕለት ሥራ ነው።

ጥያቄው በቅርብ ዘመን አዲስ መልክ ይዞ መጥቷል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አገር፣ በተለይም ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ኢሜይል ሲጽፍ በግርጌው ከስሙና ከሥራ መደቡ አጠገብ፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሁሉ በወንድ አንቀጽ ይናገር ወይስ በሴት፣ ወይስ ከሁለቱም በተለየው፣ የሚያመለክት ተውላጠ ስም ማስፈር ልማድ ሆነ። በ2021 እ.ኤ.አ. የሥራ ሰዎች መገናኛ የሆነው ሊንክድኢን ለዚሁ የተለየ ቦታ አበጀ፤ ስዊድኖችም ወንድ ወይም ሴት ሳይሉ ሰውን የሚጠሩበትን «ሄን» የሚለውን ቃል በ2015 እ.ኤ.አ. በአካዳሚያቸው መዝገበ ቃላት አገቡት። ዳሩ ግን ነገሩ ያለ ተቃውሞ አልሄደም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በጥር ወር መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ይህንኑ ጽሑፍ ከኢሜይላቸው ግርጌ እንዲያወጡ ታዘዙ። አንዱ ዘመን ጻፉ ያለውን ሌላው ዘመን አጥፉ ማለቱ፣ ነገሩ ከሰዋስው አልፎ የሥልጣንና የእምነት ክርክር መሆኑን ያሳያል።

የሁለቱንም ወገን ቃል በቅንነት መስማት ይገባል። ልማዱን የሚደግፉት፣ ሰው ስለ ራሱ አስቀድሞ ቢያስታውቅ ሌላው ከመሳሳት ይድናል፤ ባለቤቱም በየጊዜው «እንዲህ አይደለሁም» እያለ ከማረም ያርፋል፤ ሁሉም ቢጽፉት ደግሞ የጻፈው ሰው ብቻውን ተለይቶ አይታይም ይላሉ። የሚቃወሙት ወገኖች በበኩላቸው በሦስት ምክንያት ይቆማሉ፤ አንደኞቹ፣ ሰው ያላመነበትን ነገር በፊርማው ሥር እንዲጽፍ መገደድ ኅሊናን መጫን ነው ይላሉ፤ ሁለተኞቹ፣ ስለ ራሱ ለመናገር ያልተዘጋጀ ሰው በግድ ወይ እንዲገልጥ ወይ እንዲዋሽ ይደረጋል ብለው ይሰጋሉ፤ ሦስተኞቹ፣ በተለይም ከሴቶች ወገን የሆኑት፣ ሥራዬ በሥራነቱ ይመዘን እንጂ ሴትነቴ ከስሜ አጠገብ ቀድሞ ለምን ይነበባል ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ አገር ግን ሃይማኖቱም ሕጉም ሰውን ወንድና ሴት ብለው የሚያውቁ በመሆናቸው፣ የባሕር ማዶው ክርክር በዚያው መልኩ በቢሮዎቻችን አልተተከለም። ሆኖም የሁለቱም ወገን ስጋት ሥር፣ ማለትም የሰው ክብርና የሰው ነጻነት፣ የእኛም ነው።

የቋንቋውን ጠባይ ሳይመረምሩ የሌላውን አገር ልማድ መቀበልም መግፋትም ትክክል አይሆንም። በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ሰዎች ለወንዱም ለሴቷም፣ ለሹሙም ለተራውም አንድ ቃል ብቻ አላቸው፤ ጾታ የሚገለጠው ሰውየው በሌለበት ስለ እርሱ ሲወራ ነው። በአማርኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ «ደብዳቤህ ደረሰኝ»፣ «ደብዳቤሽ ደረሰኝ» ወይም «ደብዳቤዎ ደረሰኝ» ሳይባል አንድ መስመር አይጻፍም፤ «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ» ሳይለይ ማሠሪያ አንቀጽ አይቆምም። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ እስከ ሦስተኛ ወገን ድረስ ሊያዘገየው የሚችለውን ምርጫ የአማርኛው ጸሐፊ ገና በሰላምታው ላይ ይጋፈጠዋል፤ ስሕተቱም የሚያርፈው በቀጥታ በተጻፈለት ሰው ፊት ነው።

ይህ ጠባይ ከጥንቱ የወረስነው ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ሲያስኬድ አሥሩን መራሕያን፣ ማለትም ተውላጠ ስሞችን፣ ይቆጥራል፤ ከእነዚህም አነና ንሕነ ወንድና ሴት ሳይለዩ፣ አንተና አንቲ፣ አንትሙና አንትን፣ ውእቱና ይእቲ፣ ውእቶሙና ውእቶን ግን በነጠላም በብዙም ጾታን ይለያሉ። በቤተ ክርስቲያን ጸሎትም እንዲሁ ነው፤ ካህኑ በመጽሐፉ ላይ ስም በሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ለወንዱ ገብርከ፣ ለሴቷ አመትከ ብሎ ይለያል፤ ወልደ ጊዮርጊስና ወለተ ጊዮርጊስ የክርስትና ስማቸው ራሱ ማንነታቸውን ያስታውቃል። በግእዝ ግን የአክብሮት መራሒ የለም፤ ለንጉሡም ለነዳዩም አንተ ይባላል። ዛሬም ምእመን በአማርኛ ሲጸልይ እግዚአብሔርን አንተ፣ እመቤታችንን አንቺ ማለቱ፣ ከልብ የሆነ መቅረብ ከማዕረግ በላይ መሆኑን ይመሰክራል።

አማርኛ ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር ለወጠ፤ አንደኛ፣ በብዙ ቁጥር የነበረውን የወንድና የሴት ልዩነት ትቶ «እናንተ» እና «እነርሱ» በሚሉት ሁሉን ጠቀለለ፤ ሁለተኛ፣ ግእዝ የሌለውን የአክብሮት መንገድ አበጅቶ «አንቱ»፣ «እርስዎ»፣ «እርሳቸው» አለ። በእነዚህ ቃሎች ውስጥ ወንድና ሴት የለም። «እርስዎ ያቀረቡት ማመልከቻ ታይቷል» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ባለ ትዳር ይሁን ብቸኛ፣ ጸሐፊው ማወቅ አያስፈልገውም፤ ክብሩ ምርጫውን አስቀርቶታል። ስዊድኖች አዲስ ቃል አውጥተው የፈለጉትን ወንድና ሴት የማይለይ አጠራር፣ የእኛ አባቶችና እናቶች በአክብሮት በኩል ከብዙ ዘመን አስቀድመው አግኝተውታል። በጎንደር አገርም አንድን ሰው ከፍ ለማድረግ «አንቱ የተባለ» የሚባለው፣ ሰዉ ይህን አጠራር የክብር መለኪያ አድርጎ ስለሚያየው ነው።

ጎረቤት ቋንቋዎችን ስናስተያይ የአማርኛው መንገድ ይበልጥ ይገለጣል። ትግርኛ በአክብሮቱ ውስጥም ወንድና ሴትን ይለያል፤ «ንስኹም» ለተከበረው፣ «ንስኽን» ለተከበረችው ነው። በኦሮምኛ ፊት ለፊት ለሚነጋገሩት «አቲ» ለሁለቱም ይሆናል፤ አክብሮት ሲፈለግ «ኢሲን» ይባላል፤ ጾታ የሚለየው ስለ ራቀው ሲነገር ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለው የሱዳን ዐረብኛ ደግሞ «ኢንታ» እና «ኢንቲ» ብሎ እንደ አማርኛው ይለያል፤ በማዕረጉም «ኡስታዝ» እና «ኡስታዛ» እያለ መጨረሻውን ለሴት ይለውጣል። እንግዲህ በመተማ አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን በሦስት ቋንቋ ሲነጋገር ሦስት ዐይነት ሥርዓት መጠበቅ አለበት፤ የአንዱን ሥርዓት በሌላው ላይ ቢጭን ግን ሳያውቅ ሰው ያስቀይማል።

ፍቅር ደግሞ የራሱ ሰዋስው አለው። በቤት ውስጥ እናት ወንድ ልጇን በፍቅር «አንቺ» ስትለው፣ ሴት ልጅም በቁልምጫ «አንተ» ስትባል ይሰማል፤ ማንም በዚህ አይደነግጥም፤ ምክንያቱም ቃሉ የወጣው ከቅርበት ነው። ይኸው አጠራር ከአለቃ ወደ ታዛዥ ሲመጣ ግን ስድብ ይሆናል። ስለዚህ የአጠራር ሕግ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሚነጋገሩትን ሰዎች ዝምድና አይቶ የሚፈርድ መሆን አለበት።

አክብሮት ይህን ያህል ከሠራ፣ በፊርማ ግርጌ ተጨማሪ ነገር መጻፍ ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በስማችን ውስጥ ይገኛል። ደስታ፣ ዓለም፣ ፀሐይ፣ ሃይማኖት፣ ምሕረት የወንድም የሴትም ስም ናቸው፤ ከሱዳን በኩልም ኢሕሳንና ኑር እንዲሁ ናቸው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወንድ ነበሩ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ሴት ናቸው፤ የስማቸው መነሻ አንድ ስለሆነ እንግዳ ሰው በወረቀት ላይ ብቻ ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለየው «ክቡር» ወይም «ክብርት» የሚለው ማዕረግ ነው። በአገር ውስጥ «አቶ» ወይስ «ወይዘሮ» የሚለውን ለማወቅ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሩቅ የሚጽፍ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ከሩቅ የሚመጣው ደብዳቤ ሌላም ችግር አለበት። የእኛ ሰው የአባቱን ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም አይይዝም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም በኑሮ አልጸናም፤ ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። እንግዲህ አልማዝ ተስፋዬ የምትባል ሴት ለውጭ አገር ሰው ስትጽፍ፣ ያ ሰው እንደ አገሩ ልማድ ሁለተኛውን ስም ይዞ «ክቡር ሚስተር ተስፋዬ» ብሎ ቢመልስላት፣ ደብዳቤው የደረሰው ለአባቷ ነው ማለት ነው። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን አጠራር በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ ዕለት ዕለት ይሰሙታል። በዚህ ጊዜ በፊርማው ሥር «ወ/ሮ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ የሴት ተውላጠ ስም ማስፈር፣ ወይም «በአልማዝ ይጥሩኝ» ብሎ ማስታወቅ የውጭ ፈሊጥ መከተል አይደለም፤ የራስን ሥርዓት ለማያውቀው ማስረዳት ነው።

ነገሩ በምዕራብ ጎንደር ይበልጥ የከበደው በሱዳን ጦርነት ምክንያት ነው። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም የተነሣው ጦርነት ሕዝቡን ሲበትን፣ ከተሰዳጆቹ ብዙዎቹ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በኩመርና በአውላላም መጠለያ ተተከለላቸው። ይህን ተከትሎ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ደብዳቤዎችና መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። በስደተኛ መዝገብ ላይ የአንዲት እናት ስም በወንድ ዓምድ ቢገባ፣ ልጆቿን ለማስቆጠር፣ ሕክምና ለማግኘት፣ ከቤተ ሰቧ ጋር ለመገናኘት የምታቀርበው ወረቀት ሁሉ ሊሰናከል ይችላል። በዚህ ሥፍራ የሰው አጠራር ትክክል መሆን የጨዋነት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንጀራና መድኃኒት ወደ ትክክለኛው እጅ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ በታሪካችን አዲስ አይደለም፤ ማዕረግ ከዘመን ጋር ሲለወጥ ኖሯል። ከዚሁ ከቋራ ወገን የሆኑት እቴጌ ምንትዋብ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዐሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት በጎንደር ዙፋን ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍተው ሲነግሡ፣ አገሩ ለሴት ልዕልና የሚሆን አጠራር ነበረው። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ምኒልክ ሲነግሡም «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ «ንግሥተ ነገሥታት» ሆኖ ተጻፈ እንጂ ለሴት የሚሆን ማዕረግ የለም ተብሎ ዙፋኑ ባዶ አልቀረም። «ወይዘሮ» በጥንት ዘመን የመሳፍንት ዘር ለሆኑት ብቻ የሚባል ነበረ፤ ቀስ በቀስ ወርዶ የባለ ትዳር ሴት ሁሉ ማዕረግ ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመኳንንቱ ማዕረግ ሲሻር «ጓድ» እና «ጓዲት» በየደብዳቤው ተተኩ፤ ያ መንግሥት ሲወድቅ ግን እነርሱም አብረው ሄዱ፤ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ተመለሱ። ከዚህ የምንማረው በትእዛዝ የመጣ አጠራር ከትእዛዙ ጋር እንደሚያልፍ፣ ሕዝቡ በፈቃዱ የተቀበለው ግን እንደሚጸና ነው።

በዛሬው የቢሮ ሥርዓታችን ግን አንድ አድልዎ ሳይታረም ቆይቷል። ወንድ ያግባም አያግባም «አቶ» ነው፤ ሴት ግን «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» ከመባሏ በፊት ባል እንዳላትና እንደሌላት ትጠየቃለች። የመሬት ካርታ ለማውጣት፣ የጉምሩክ ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ለሥራ ለመወዳደር የትዳሯ ነገር ምን ያደርጋል? ጀርመኖች «ፍሮይላይን» የሚለውን በ1972 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ጽሑፍ አስወጡ፤ ፈረንሳዮችም «ማድሟዜል» የሚለውን በ2012 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ቅጾቻቸው አነሡ፤ በአሜሪካም ትዳርን የማይጠይቀው «ሚዝ» የሚለው አጠራር በ1986 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ተቀባይነት አገኘ። እኛም «ወይዘሮ» የሚለውን ለአካለ መጠን ለደረሰች ሴት ሁሉ ብንሰጠው፣ አዲስ ቃል ሳንፈጥር፣ ማንንም ሳናስቀይም አድልዎውን ልናስቀር እንችላለን፤ «ወይዘሪት» መባል የምትወድ ግን በራሷ ፈቃድ ትጻፈው።

ሕጉም ለዚህ በር ይከፍታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተደነገገው ሁሉ የሴትንም እንደሚያካትት ይናገራል፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን እኩልነት ያጸናል። አንቀጽ 7 ለሕግ ጽሕፈት የተመቸ ነው፤ ሕግ ለሁሉ ስለሚጻፍ አንዱን ቅርጽ ይዞ ሁሉን ያጠቃልላል። ደብዳቤ ግን ለአንድ የታወቀ ሰው የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሴቲቱን በወንድ አንቀጽ ጽፎ «ሕጉ ያካትትሻል» ማለት አይበቃም። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ የሚያዝ በመሆኑ፣ መሥሪያ ቤት ለሥራው የማያስፈልገውን የሠራተኛውን የግል ጉዳይ በፊርማው ሥር እንዲያስታውቅ ለማስገደድ ምክንያት አያገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን ይህን ሁሉ ክብር የሚያገኘው ማን ነው የሚለው ነው። በመተማና በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆም ባሉት ሰፋፊ እርሻዎች ሰሊጥ የሚያጭደው ሰው፣ ከደጋ አገሩ ስንቁን ተሸክሞ፣ ሙቀቱንና ወባውን፣ ካላዛሩንም ተጋፍጦ የሚሠራው ሰው፣ በመዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ «አቶ»፣ ያለ «ወይዘሮ» በባዶ ስሙ ይሰፍራል፤ ሲጠራም «አንተ» ይባላል፤ ሴቲቱ ወጥ ሠሪም «አንቺ» ትባላለች። ለባለሀብቱና ለሹሙ «እርስዎ» የሚለው ብዕር ወደ እነርሱ ሲደርስ አክብሮቱን የሚያቆመው ለምንድር ነው? በኢሜይል ግርጌ ስለሚጻፍ ተውላጠ ስም የሚከራከር ቢሮ፣ ኢሜይል የሌለውን ሠራተኛውን በመዝገብ ላይ ካላከበረ፣ ክርክሩ ፍሬ አልባ ነው። ሰው ሁሉ በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሯል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ለደመወዝ ፈራሚው ጎልማሳ «አቶ» የሚለውን ሁለት ፊደል መንፈግ አይገባውም።

እንግዲህ የዳሰሳው ፍርድ ይህ ነው። በፊርማ ሥር ተውላጠ ስም ወይም ማዕረግ መጻፍ መልካም ነገር ሊሆን የሚችለው በፈቃድ ሲሆን ነው፤ መጻፍንም አለመጻፍንም ትእዛዝ ማድረግ ሁለቱም የሰውን ነጻነት ይነካሉ። በአማርኛ ለሚጻፍ የሥራ ደብዳቤ የሚበቃው «እርስዎ» ነው፤ ጸሐፊው የተጻፈለትን ሰው ጾታ ባያውቅ በግምት «ህ» ወይም «ሽ» ከማለት ይልቅ በአክብሮቱ ይጻፍ፤ ማዕረጉንም ካላወቀ ሙሉ ስሙን ብቻ ጽፎ ይላክ። በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የሚጽፍ ሰው፣ ስሙ ጾታውን የማይገልጥ ከሆነ ወይም የአባቱ ስም እንዳይምታታ ቢያስብ፣ በግርጌው ማዕረጉንና መጠራት የሚወድበትን ስም ያስፍር። ሌላው ሰው ስለ ራሱ የጻፈውን ያነበበ ሁሉ ደግሞ የጻፈውን ያክብር፤ ሰውን በገለጠው መልክ መጥራት ከእንግዳ ተቀባይነት ሥርዓታችን የወጣ አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ልማድ ሳትመረምሩ አትቀበሉት፤ ሳትመረምሩም አትሳለቁበት። አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያለውን አስተካክሉ፤ በቅጾቻችሁ ላይ ሴትን ስለ ትዳሯ የሚጠይቀውን መስመር አንሡ፤ ለዘበኛውም ለአጫጁም ለወጥ ሠሪዋም በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ «እርስዎ» የሚለውን አጠራር ሥርዓት አድርጋችሁ አጽኑ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግም አዲስ ገንዘብም አያስፈልግም፤ ነገ ጧት በሚወጣው ደብዳቤ ሊጀመር ይችላል።